የዘጠነኛው ባር ትንፋሽ

ሰኞ፣ ጥር 6

ይህን ደብተር የገዛሁት ሰው ላለመሳደብ ነው። እዚህ እሳደባለሁ፣ ልምምድ ላይ እነፋለሁ። ሥራ ተከፋፈልን።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ሲያድር እንዳይጣመም። ከሦስት ወር በፊት ኦርኬስትራው ለአንደኛ ፍሉት ወንበር ፈተና አወጣ። ነባሩ አንደኛ ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍቶ ጡረታ እወጣለሁ ብሎ ነበር። ተፈታኝ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የሚጫወተው፤ ዳኞቹ ቁጥር እንጂ ሰው አያዩም። የተረከዝ ድምፅ ሴትና ወንድ እንዳይለይ ጫማ እንኳ ያስወልቃሉ። እኔ ሰባት ቁጥር ነበርኩ፣ በካልሲ። ስጨርስ አንዱ ዳኛ ከመጋረጃው ወዲያ "በቃ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንሰማለን?" ሲል ሰማሁ። መጋረጃው ሲገለጥ የሥራ አስኪያጁም ፊት አብሮ ተገለጠ። ሌላ እንግዳ ሲጠብቅ በር የከፈተ ሰው ፊት ነበር።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ነባሩ አንድ የኮንሰርት ወቅት ሊቆይ ወስኗል፤ እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ በሙከራ ልቀመጥ፤ ወቅቱ ሲያበቃ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ድምፅ ይሰጡብኛል። መጨረሻው ላይ "እንኳን ደስ አለሽ" ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ የሚለውን ነገር አጣሁት።

ሁለተኛው ወንበር በሩ አጠገብ ነው፤ ነፋሱ አንገቴ ላይ ይጫወታል። ከእኔ በስተግራ አንደኛው ይቀመጣል፣ ሽበቱን አበጥሮ፣ የኔን ወንበር አሙቆ።


ረቡዕ፣ ጥር 8

ሥራ አስኪያጁ (ከዛሬ ጀምሮ ክራቫት እለዋለሁ፣ ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስለኝም) ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

"የዜማው ሐረግ ሲረዝም ጫፉ ላይ ደገፍ አድርጊው" አለኝ። "ትንሽ። ማንም ሳያውቅ።"

"አንደኛውን ነው?"

"አንድ ቤተሰብ አይደለን?"

ጉድ በሉ እናንተ። ወንበሬን ከያዘብኝ ሰው ጋር ቤተሰብ ሆንኩ።


እሑድ፣ ጥር 12

ጅራት መያዝ ብዬዋለሁ። ረጅም ሐረግ ሲመጣ አንደኛው መሐል ላይ ትንፋሽ ያልቅበታል። ሊያልቅበት አንድ ፀጉር ሲቀረው ከሥሩ በቀስታ እገባለሁ፤ እሱ ይወጣል፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። ስፌቱ እንዳይታይ የሱን ድምፅ መምሰል አለብኝ፤ ትንሽ ጠቆር ያለውን፣ ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጠውን። በአራት ቀን ለመድኩት። ጎበዝ ነኝ፤ ለገዛ ራሴ መቀበሪያ የምቆፍር ጎበዝ።

እናቴ ቤት ምሳ በላሁ። አዋላጅ ነርስ ናት፤ የሰው ችግር ሁሉ በትንፋሽ የሚፈታ ይመስላታል።

"ሰውዬው ታሟል?" አለችኝ።

"ሰንፏል እንጂ!"

"ደረጃ ሲወጣ ያርፋል?"

"ሁለት ጊዜ። መንገድ ይዘጋብኛል። ትናንት ቦርሳውን የተቀበልኩት ቶሎ እንዲያልፍልኝ ብዬ ነው።"

እናቴ ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝ። ስትስቅ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው።

"ለምን ተንፍስ አትዪውም? እኔ በቀን አሥር ሴት ‘ተንፍሺ’ እላለሁ። አንዷም ተቀይማኝ አታውቅም።"

"እማዬ፣ እነሱ ልጅ እየወለዱ ነው።"

"እሱስ ምን እየሠራ ነው ታዲያ?"


ቅዳሜ፣ ጥር 25

ኮንሰርት። አራት ጅራት ያዝኩ። አራቱም እንከን የለሽ።

ጭብጨባው ላይ የኦርኬስትራው መሪ አንደኛውን አስነሳው። ሰውዬው ተነስቶ ጎንበስ አለ፤ ሲቀመጥ ወደኔ ዞር ብሎ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር።

ለአራት ጅራት አንድ መነጽር መጥረግ! 


ሰኞ፣ ጥር 27

ጋዜጣው "የማያልቅ ትንፋሽ" ሲል ጻፈለት። በእርጅና የበሰለ፣ አንድም ጊዜ የማይቆረጥ። ምላጭ ጽሑፉን ልምምድ ክፍል አምጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። ምላጭ ያልኳት ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የምትነፋዋን አንደኛዋን ነው፤ ቀኑን ሙሉ የኦቦዋን ሸንበቆ በቢላ ስትፍቅ ትውላለች፤ ምላሷም ከቢላው አይተናነስም።

"የማያልቅ ያሉት የአንቺን ነው" አለችኝ በጆሮዬ።

"ተይኝ።"

"እኔ ከሁለታችሁ ፊት፣ መሐል ላይ ነው የምቀመጠው፣ የኔ እመቤት። ግራ ጆሮዬ ሲደክም ቀኝ ጆሮዬ ይበረታል።"

እውነቱን ልናዘዝ፤ ጽሑፉን ቆርጬ ደብተሩ ውስጥ አጥፌ አስቀምጫለሁ። ስለኔ የተጻፈ የመጀመሪያው ምስጋና ነው። ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተው።


ረቡዕ፣ የካቲት 6

ቸኩያለሁ። ሁለት ነገር ብቻ።

አንድ። አልበም ሊቀዳ ነው። ርእሱ "የማያልቅ ትንፋሽ"። ሽፋኑ ላይ የአንደኛው ፎቶ፣ ከጎን። ከአፍንጫው ጀምሮ ኩሩ።

ሁለት። በክራቫት ቢሮ በር ሳልፍ ስልክ ላይ፦ "ሁለተኛዋማ ልጅ ናት፣ የታዘዘችውን ታደርጋለች።" ልጅ! ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። የዲግሪ ወረቀቴን ጠቅልዬ ብመታው ይሰማዋል።

ታዲያ በሩን ለምን አላንኳኳሁም? በእግሬ ጣቶች ጫፍ አለፍኩ። እንደ ሌባ።


ሐሙስ፣ የካቲት 14

እንደ ዛሬ ስቄ አላውቅም፤ እንደ ዛሬም ተናድጄ። ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ። በዝርዝር ልጻፈው።

ቀረጻው ነበር። የወቅቱ መዝጊያ ሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚከፈተው በፍሉት ነው፤ አሥራ ሁለት ባር፣ አሥራ ሁለት የኖታ ክፍል ማለት ነው፣ በአንድ ትንፋሽ። አንደኛው ዘጠነኛው ባር ላይ ትንፋሹን ይጨርሳል፣ እኔ እቀበለዋለሁ። ክራቫት ለአልበሙ ክብር ሲል ከውጭ የድምፅ ቴክኒሻን አስመጥቶ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፍሉት ለየብቻው ማይክ ተከለ። "አንደኛው በደንብ ጎልቶ ይውጣ" ያለው ራሱ ክራቫት ነው። ራሱ!

ቀዳን። ከእኔ፣ ከምላጭና ከክራቫት በቀር ሁሉም ወጣ። አንደኛው ደክሞት ቀድሞ ሄደ። እኔ ፍሉቴን እየወለወልኩ ሳለ ቴክኒሻኑ ከማዳመጫ ክፍሉ ብቅ አለ።

"ይቅርታ፣ የአንደኛው ፍሉት ገመድ ተበላሽቷል።"

"ምን ሆነ?" አለ ክራቫት።

"ዘጠነኛው ባር ላይ ይጠፋል። ሦስቱንም ቅጂ ሰማሁ። እዚያው ቦታ ላይ ዝም።"

ምላጭ ሸንበቆዋን መፋቅ አቆመች። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሰውዬው ገመድ ቀየረ። ማይክ ቀየረ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሉን ሙሉ በባትሪ አየ። "እንዲህ ያለ ብልሽት አይቼ አላውቅም፣ ሰዓቱን የሚያውቅ ገመድ!" ይላል። ክራቫት ፊቱ እየጠቆረ "ይበቃል፣ ይበቃል" ይላል። ሰውዬው ግን ባለሙያ ነው፤ ሥራውን ጀምሮ የሚተው ዓይነት አይደለም።

"እህቴ፣ እስቲ በሱ ማይክ ላይ ሞክሪልኝ" አለኝ።

ሄጄ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። (ነፋስ የለውም። ሞቃት ነው። ይህን አልረሳም።) አሥራ ሁለቱንም ባር በአንድ ትንፋሽ ነፋሁት። ለመሣሪያ ሙከራ ያን ያህል ማማር አያስፈልገውም ነበር።

ቴክኒሻኑ እጁን ወደ ላይ ወረወረ። "ይኸው! ተስተካከለ!"

"ምን ነክተህ ነው የተስተካከለው?" አለች ምላጭ።

"ምንም አልነካሁም። ሰው ነው የቀየርኩት" አለ፣ ከዚያም የተናገረውን ራሱ ሰማው።

ምላጭ ቢላዋን ጥላ ሆዷን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩን ሙሉ ሳቋ ይሰማል።

እስከዚህ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ክራቫት ክራቫቱን አስተካክሎ ለቴክኒሻኑ "የሷን ጫፍ ቆርጠህ ወደሱ መስመር ብትለጥፈውስ?" አለው፣ እኔ እዚያው ቆሜ። የግድግዳ ወረቀት የሚለጠፍ ይመስል።

"ይቻላል። አምስት ደቂቃ ነው። ግን እሷ ትፍቀድ" አለ ሰውዬው። እግዜር ይስጠው።

"አልፈቅድም" አልኩ።

"ከፈቀድሽ ሁለተኛው ወንበር በቋሚነት የአንቺ ነው" አለ ክራቫት ቀስ ብሎ። "ድምፅ መስጫው ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። አስቢበት።"

"አስቤ ጨርሻለሁ። ድምፄን ከወሰዱ ስሜንም አብረው ይውሰዱ። ሽፋኑ ላይ ሁለት አፍንጫ ይግባ።"

ለአንድ ጊዜ እንኳ ትክክለኛው መልስ በትክክለኛው ሰዓት መጣልኝ። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው።


ዓርብ፣ የካቲት 15

ጀግንነቱ በረደ። ሁለተኛውንም ወንበር ባጣስ? እናቴ ደውላ "ዝም አይነቅዝም ይባላል" አለች። "ነቀዘ እኮ እማዬ፣ አራት ወር ሙሉ።" "እንግዲያው ደህና አደረግሽ" ብላ ዘጋች። ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት ነበር።

ውሳኔ፦ በመዝጊያው ኮንሰርት ጅራቱን አልይዝም። ዘጠነኛው ባር ላይ አፌን እዘጋለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይስማ። ይቆረጥና ይታይ።


እሑድ፣ የካቲት 17

ስለ ውሳኔው ሳስብ ዋልኩ። ይቆረጥና ይታይ። ሽበቱን አበጥሮ፣ አዲሱን ጥቁር ሸሚዙን ለብሶ፣ እዚያ ሰው ሁሉ ፊት።

ለሱ አዝኜ አይደለም። ከኋላ መውጋት አያምርብኝም፣ ያ ብቻ ነው። ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።


ሰኞ፣ የካቲት 18

ነገርኩት።

ከልምምድ በፊት ሁልጊዜ ብቻውን ምድር ቤት ይሞክራል። ገባሁ። ተቀምጧል፣ ፍሉቱ ጉልበቱ ላይ።

"ጋሼ፣ ለመዝጊያው ጫፉን አልይዝልዎትም። ቀድመው ይወቁት ብዬ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እሺ" አለ፣ እንደ ሎሚ ተጨምቆ።

"እንደምይዝልዎት ያውቁ ነበር?"

"አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የነፋ ሰው ትንፋሹ የት እንደሚያልቅ ይጠፋዋል? ማመስገን አፍሬ ነው። ዛሬ ነገ ስል…"

ይህን ጊዜ የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። "ካወቁ ለምን ቆዩ? ጡረታ ወጡ ተብሎ አልነበረም? ወንበሩን አሸንፌዋለሁ እኮ! በካልሲዬ!"

ፍሉቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በጣም ቀስ ብሎ።

"ማን ነው ያሸነፈው?"

"እኔ! ሰባት ቁጥር!"

"ሰባት ቁጥር…" አለ። ግንባሩን ያዘ። "የገዛ ወንበሬ ስለሆነ ዳኛ አላደረጉኝም። ኮሪደር ላይ ቆሜ በበሩ ሰማሁት። ሰባተኛውን ስሰማ፣ በቃ፣ ይሄ ሰው ይረከበኛል ብዬ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀን ለሚስቴ ከነገ ጀምሮ አትክልት አጠጣለሁ አልኳት። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ‘እሱ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ጥሎን ሄደ፤ ያለ እርስዎ ወቅቱ ሊዘጋ ነው’ አለኝ።"

"‘እሱ’ አሉዎት?"

"‘እሱ’ አለኝ። እኔም በዚህ ደረት ተመለስኩ።"

አራት ወር ሙሉ በየማታው የሰደብኩት ሰው፣ በየማታው በአንድ ጌታ እንደኔው ሲታለል ኖሯል። ስድቦቹን ተመልሼ ልሰርዝ አሰብኩ። አንዳንዶቹ ግን ቆንጆ ናቸው፣ ቢሰረዙ ያሳዝናሉ።

"እንግዲህ ዘጠነኛው ባር ላይ ምን ይዋጠኝ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ይተንፍሱ።"

"ሰው ፊት?"

"ሰው እኮ ይተነፍሳል፣ ጋሼ።"

እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። "እስቲ ምልክት አድርጊልኝ።"


ሐሙስ፣ የካቲት 21

ድንበር እንደሚካሰሱ ጎረቤቶች ሆነናል። እኔ የትንፋሽ ምልክቷን ሰባተኛው ባር መጨረሻ ላይ አደርጋለሁ፤ እሱ ላጲስ ያመጣል።

"እዚያ ከተነፈስኩ ዜማው አንገቱ ይቆረጣል!"

"አምስተኛው ላይ ከተነፈሱ ደግሞ እግሩ!"

"መምህርሽ ማን ነበር? ልክሰሰው!"

ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ምላጭ በበር አልፋ "ለአንዲት ጭረት ሁለት የተማሩ ሰዎች!" ብላን ሄደች።

በአራተኛው ሙከራ ስምንተኛው ባር ላይ፣ ዜማው ሽቅብ ሊዞር ሲል ተነፈሰ። ሳናቅደው ነው፤ ጨነቀውና ሳበ። ሁለታችንም ቀጥ አልን። እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሽ ሲገባ ዜማው ሊናገር ያመነታ ሰው ይመስላል። በአንድ ትንፋሽ ስነፋው፣ እኔው ራሴ፣ ይህን ሰምቼው አላውቅም። ጅራቱን ስይዝ ስንት ጊዜ ይህን አፈንኩት ማለት ነው?

ምልክቷን እሱ አደረጋት። ላጲሱን እኔ ወሰድኩ።


ሰኞ፣ የካቲት 25

ጋሼ ክራቫት ቢሮ ገባ። በሩ ተዘጋ። ግማሽ ሰዓት። የሰማሁት ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ "አትክልቴ ደረቀ፣ ጌታው!"

ከሰዓት በኋላ የፈተናው ውጤት ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፣ ከነዳኞቹ ፊርማ። ሰባት ቁጥር፣ አንደኛ። ከሥሩ በጋሼ እጅ ጽሑፍ፦ ከመዝጊያው ኮንሰርት በኋላ ወንበሩን እለቃለሁ።

ስለዚህ ድምፅ መስጫው ስለ ሁለተኛው ወንበር መሆኑ ቀረ። ስለ አንደኛው ሆነ። ካልመረጡኝ እንደገና ፈተና፣ እንደገና መጋረጃ፣ እንደገና ካልሲ።

ክራቫት ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ስልኩ ጠፍቶ ነበር።


ቅዳሜ፣ የካቲት 30

ከአዳራሹ መጣሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቴክኒሻኑ ማይኮቹን ደርድሮ በመስታወት በኩል አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ አልበሙ ከዛሬው ይሠራል ተብሏል። ሁለተኛው ክፍል ደረሰ። ጋሼ ጀመረ። ሰባት። ስምንት። እጄን ጉልበቴ ላይ አጣብቄ ይዤዋለሁ፤ ከልማድ የተነሳ ፍሉቱ በራሱ ሊነሳ ይፈልጋል።

ተነፈሰ። የሚሰማ ትንፋሽ ነበር፤ ረጅም፣ እርጅና ያለበት። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴትዮ አብራው አየር ስትስብ ሰማኋት። ከዚያ ዜማው ዞረና እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ሄደ፣ ብቻውን፣ በገዛ እግሩ።

መጨረሻ ላይ መሪው ሲያስነሳው ሰዉ ወንበሩን ለቆ ቆመ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ሲቃና ወደኔ ዞረ፤ በጭብጨባ መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ወጣው፦

"አመሰግናለሁ። የፍሉትሽ ድምፅ ግን ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ቃኚው።"

በኋላ ቴክኒሻኑ ወደ ጋሼ መጥቶ "ያቺን የትንፋሽ ድምፅ ከቅጂው ላይ ላጥፋት?" ቢለው፣ "ብትነካት ወዮልህ!" አለው።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ድምፅ ተሰጠ። አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ የታጠፈ ወረቀት፣ አንድ የጫማ ካርቶን። እኔን ኮሪደር አስወጡኝ። ጥፍሬ ድሮም አጭር ነበር፤ አሁን የለም።

ምላጭ በሩን በእግሯ ከፍታ ጮኸች። "አሥር ለአንድ! ግቢ፣ አንደኛ!"

ገባሁ። ተቃቀፍን፣ ተሳሳምን፣ ሊፒስቲኬ የሰው ጉንጭ ላይ ሁሉ ቀረ። ክራቫት እንኳ እጄን ጨበጠ፤ እጁ እርጥብ ነው። ያ ሁሉ ደስታ ውስጥ ግን አንድ ነገር ጥርሴ ውስጥ ገብታ ቀረች። አንድ። ማን ነው አንዱ?

ሁለተኛ ክላርኔቱን ጠረጠርኩት፤ ሁልጊዜ ከጎን ነው የሚያየኝ። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። "አንተ ነህ?" "ምኑ?" "አንዱ!" ምስኪኑ በልጆቹ ማለ። ከጎን የሚያየኝ አንገቱን አሞት ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ በሕይወቴ ካደረግኳቸው አስቸጋሪ ነገሮች አንዱ ነው።

ጋሼ ጥግ ላይ ፍሉቱን በሳጥኑ እያስገባ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ምን?"

"አንዱ።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። ምላጭ እንኳ።

"ጋሼ! ቀልድ ነው አይደል?"

"ምን ያስቀልደኛል? ላይኛው ድምፅሽ መልአክ ነው። መሐሉ ጥሩ ነው። ታችኛው ግን ሰፊ ጫማ እንዳደረገ ሰው ይንሸራተታል። በመጋረጃም ጊዜ በበሩ ሰምቼዋለሁ፣ አራት ወርም አጠገቤ ሰምቼዋለሁ። ድምፅ ስጥ ተባልኩ፣ የሰማሁትን ሰጠሁ።"

"ታዲያ ለምን ወንበሩን ለቀቁልኝ?"

"ወንበሩማ የአንቺ ነው። ታችኛው ዶ ነው የአንቺ ያልሆነው።"

መናደድ የሚቻለውን ያህል ተናደድኩ። ከዚያ ቤቴ መጥቼ ፍሉቱን አወጣሁና ታችኛውን ዶ ነፋሁ። አንዴ። ሁለቴ። ይንሸራተታል! ምን ዓይነት ሰው ነው! አሥሩ "ድንቅ ነሽ" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ፣ አንዳቸውም ይህን አልነገሩኝም።

ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ በር ላይ ነኝ። ያጠጣ አትክልቱን፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ታችኛውን ዶ ጆሮው ሥር እነፋለሁ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ያቺን አንዷን ወረቀት በገዛ እጁ ቀዶ እስኪጥላት ድረስ።